የኪሪኖሞሪ ሽማግሎች

ቫኑ ሮዝቪልን ለቆ ወደ ብሩክሊን ሴንተር ሲያቀና የበረዶ ጠራጊው መኪና ከፊት ገብቶ መንገዱን ያዘበት። አለልኝ ፍሬኑን በቀስታ ነካ አደረገ። ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቶኪዮ ውስጥ መሽቷል። እዚያ ያሉት ሰው ሳይተኙ ደርሰው መደወል ነበረባቸው።

ከጎኑ የተቀመጠው ሰው መቶ ስልሳ ኪሎ ይመዝናል። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ቢሳብም ለግራ እግሩ አልበቃም፤ እግሩ እንደ ተጋደመ ግንድ ተዘርግቷል። ለዛሬ ኪሞኖውን፣ ያንን እጀ ሰፊ ረጅም የአገሩን ልብስ ለብሶ መቀነቱን አጥብቋል። ፀጉሩ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ታስሮ፣ መሐል አናቱ ላይ ተመልሶ ተኝቷል። ጭንቅላቱን ከወንበሩ መደገፊያ አያነካካም። ጉድጓድ ሲያነጥራቸው እንኳ አንገቱ ቀጥ እንዳለ ነው።

"ደገፍ በል እንጂ" አለው አለልኝ፣ በአራት ወር ውስጥ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

"ፀጉሩ" አለ ኪሪኖሞሪ በእንግሊዝኛ። ሁልጊዜም መልሱ ይኸው ነው። ፀጉሬ አይልም።

"እኔ ምልህ አለልኝ" አሉ ጋሽ ቸሩ ከኋላ፣ ጋቢያቸውን ከወፍራሙ ጃኬት በላይ እያጣፉ፣ "ይኼ ልጅ የሰው ሚስት አልነጠቀ፣ ደም አላፈሰሰ። ምን ብለን ነው የምንለምንለት?"

"ይልቀቁት ብለን ነዋ።"

"ታስሯል እንዴ?"

"በቃሉ ነው የታሰረው፣ ጋሼ።"

አጠገባቸው የተቀመጡት ኦቦ ዱጋሳ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ሳቁ። "እኔማ ታጋይ ነው ስትሉኝ የየትኛው ግንባር ብዬ ደንግጬ ነበር። ሱሞ ነው አላላችሁኝም! ማታ ልጄ በስልኳ ብታሳየኝ ሁለት ተራራ ይጋጫል።"

ኪሪኖሞሪ ስለ እሱ እንደሚያወሩ ገብቶት በትንሹ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ያለው ከወገቡ ነው፤ አናቱ አልተነቃነቀም።

አለልኝ ስለ ሱሞ የሚያውቀውን ሁሉ የሰማው በዚሁ ቫን ውስጥ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ፊዚካል ቴራፒ ያመላልሰዋል። አለልኝ ብዙ አይናገርም፤ መሪውን ይዞ ያዳምጣል፣ ያልገባውን ለቀይ መብራት ያቆየዋል። ከቀይ መብራት ወደ ቀይ መብራት፣ የሰውየው ታሪክ ተጠራቀመለት። ኪሪኖሞሪ የሚለው ስም የትግል ቤቱ የሰጠው ነው። ታጋዮቹ ሁሉ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ የቤቱ ጌታ ኦያካታ ይባላሉ፣ አሠልጣኝም አባትም ናቸው። ኪሪኖሞሪ አሥራ አምስት ዓመቱ ሳለ፣ በሰሜን በኩል ያለ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ድረስ ራሳቸው ሄደው፣ እናቱ ፊት ተንበርክከው ወሰዱት። "በሁለት እግሩ እመልስልሻለሁ" አሏት።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ስድስት ዓመት። መጀመሪያ የታላላቆቹን ጀርባ ያጥብ፣ ድስታቸውን ይጥድ ነበር። በበረዶ ቀን አንዲት ስስ ልብስና የእንጨት ጫማ ብቻ ነበረችው። እየጣለ፣ እየወደቀ፣ ላይኛው ማዕረግ ደረሰ። ባለፈው ሐምሌ ከመታገያው ክብ ጫፍ ተገፍትሮ በግራ ጉልበቱ ወደቀ። ሴንት ፖል የሚኖር አንድ የአገሩ ሰው፣ የቤቱ ደጋፊ፣ እዚህ አስመጥቶ ኦፕራሲዮን አስደረገው። ኪሪኖሞሪ ሳይታገል በቆየ ቁጥር ማዕረጉ እየወረደ፣ አሁን ጁርዮ በሚባለው ደረጃ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የጥር ውድድር ካመለጠው ተራ ታጋይ ይሆናል። ከእሱ ሌላ ደግሞ በቤቱ ማዕረግ ያለው ሰው የለም።

ስለዚህ በየእሁዱ ኦያካታው በስልክ "ጉልበትህስ?" ሲሉት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከደረቱ በላይ ብቻ እየታየ "ደህና ነው" ይላል። ሐኪሙ ግን ነግሮታል፤ ነርሷ ለአለልኝም ደግማዋለች። ከሰባ ዲግሪ በላይ አይታጠፍም፣ አንድ ጊዜ ቢወድቅበት ቀሪ ዘመኑን በዊልቸር ነው። የአውሮፕላን ትኬቱ የማክሰኞ ነው።

ሐሙስ ዕለት ማሚት ደወለች። ማሚት ብሩክሊን ሴንተር ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። ታጋይ በተፈታ ፀጉር ጌታው ፊት ስለማይቀርብ፣ ከመስከረም ጀምሮ የኪሪኖሞሪን ፀጉር የምታስረው እሷ ናት። ያመጣው መዓዛ ያለው ሰም ሲያልቅበት፣ የንብ ሰምና የጉሎ ዘይት አዋህዳ የራሷን ቀመመችለት። "አለልኝ ቶሎ ና!" ብላ ጮኸች። "ይኼ ሶምሶን እኔን ደሊላ ሊያደርገኝ ነው!" ሲደርስ ኪሪኖሞሪን አንገቱን ደፍቶ አገኘው። ከኪሞኖው እጅጌ መቀስ አውጥቶ ቁረጪልኝ ብሏታል። እሷ ደግሞ መቀሱን ነጥቃ ተቀምጣበታለች።

የታጋይ ፀጉር የሚቆረጠው በጌታው እጅ ነው። ሳያስፈቅድ የቆረጠ ኮብላይ ነው፤ ስሙ በቤቱ አይነሳም፣ እናቱም ሰው ፊት ቀና ብላ አትሄድም። አለልኝ ያንን ቀን በቀይ መብራት ላይ ጠየቀው።

"እናንተ አገር ሽማግሌ አይላክም?"

"ለምን?"

"ጌታህን እንዲለምንልህ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጥሩንባ ተነፋ። "ማንም ልኮ አያውቅም" አለ ኪሪኖሞሪ።

"አንተ ከፈቀድክ እኛ እንሄዳለን።"

"እሺ" አለ። ከሚያውቃቸው ሦስት የአማርኛ ቃላት አንዷ ነች።

*

ማሚት የሹሩባ ቪዲዮ የምትቀርጽበትን የስልክ ማቆሚያ መሐል ወለሉ ላይ ተክላ ጠበቀቻቸው። ኪሪኖሞሪን ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ፀጉሩን በቀጭን ማበጠሪያ ዳር ዳሩን እንደገና ለሰነችው።

ጋሽ ቸሩ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሃያ ዓመት በዳውንታውን የፓርኪንግ ጠባቂ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው፤ አሥራ አራት ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ተመልሶ የተጣላ አንድ ብቻ ነው። ኦቦ ዱጋሳ ኒው ሆፕ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ፤ በኦሮሞው ማኅበር ውስጥ ያልገቡበት ዕርቅ የለም። አለልኝ ሦስተኛ የሆነው ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን ስላለበት ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሽማግሌ ሲባል ይኼ የመጀመሪያው ነው፤ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶታል።

"ደንቡን ታውቃለህ" አሉት ጋሽ ቸሩ። "እሺ እስኪሉን ድረስ መቀመጥ የለም። ውሃም ቢሆን።"

"ጋሼ፣ ውሃውን ማን ይሰጥዎታል? ሰውየው ያሉት ቶኪዮ!" አለች ማሚት።

"ደንብ ደንብ ነው።"

ስልኩ ጠራ። ኦያካታው ብቅ አሉ፤ ሽበታም፣ አንገተ ወፍራም፣ የቤት ልብስ የለበሱ። ከኋላቸው ባለው ግድግዳ ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች በተርታ ተሰቅለዋል። የታጋዮቹ ስሞች ናቸው፣ በማዕረግ ቅደም ተከተል። የመጀመሪያው የኪሪኖሞሪ መሆኑን አለልኝ ያውቃል።

ጋሽ ቸሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጤና ይስጥልን ጌታው። ቤትዎ ይድመቅ፣ ያሳደጓቸው ይጡሩዎት። እኛ የዚህ ልጅ ዘመዶች አይደለንም፤ አገሩም አገራችን አይደለም። ግን ደጃችን ላይ ወድቆ አገኘነው። ደጃችን ላይ ለወደቀ ሰው ደግሞ የምንጠየቀው እኛ ነን። አሥራ ስድስት ዓመት አገለገለዎት። አሁን ጉልበቱ ከድቶታል፤ ከእንግዲህ ቢወድቅ አይነሳም። መርቀው ያሰናብቱልን ብለን በእግዚአብሔር ስም ቆመናል።"

ኦቦ ዱጋሳ በኦሮምኛ ምርቃት ጨመሩበት። አለልኝ ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። የቀረው ለኪሪኖሞሪ ነው፤ ጃፓንኛ የሚችል ሌላ ሰው የለም። ስለ ራሱ የሚለመነውን ልመና ራሱ ማስተርጎም ነበረበት።

ኪሪኖሞሪ ተናገረ። አለልኝ ጆሮውን አቁሞ አንዲት ቃል ጠበቀ። ኢንታይ። ትግልን መተው ማለት ነው፤ በቫኑ ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቷታል። ቃሏ አልመጣችም። ኦያካታው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጨረሰ?" አሉ ጋሽ ቸሩ። "እኔ ያንን ሁሉ ተናግሬ እሱ ሁለት ቃል?"

"ቋንቋቸው አጭር ይሆናላ" አለች ማሚት።

አለልኝ ወደ ኪሪኖሞሪ ጆሮ ጎንበስ አለ። "ምን አልካቸው?"

ኪሪኖሞሪ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ መለሰ። "የቴራፒ ቦታ ወዳጆቼ ናቸው፣ መልካም ጉዞ ሊሉኝ መጡ አልኩ።"

አለልኝ ቀና አለ። ለጋሽ ቸሩ ቢነግራቸው፣ ቃላቸውን በልቶባቸዋልና ጋቢያቸውን አጣፍተው ይወጣሉ፤ አይፈረድባቸውም። ዝም ቢል፣ ማክሰኞ ሰውየው በዚያ ጉልበት ይሳፈራል። አለልኝ እመቤቴ ሆይ አለ በልቡ፣ ከዚያ በላይ ቃል አልመጣለትም።

"ጋሽ ቸሩ" አለ ቀስ ብሎ፣ "አልደረሰም። ይድገሙት።"

ሽማግሌው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የኪሪኖሞሪን ማጅራት አዩ። ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረና መልሶ ተረጋጋ። "ጤና ይስጥልን ጌታው" ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አሁን በዝግታ፣ አንዲት ቃል ሳይቀንሱ።

አለልኝ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ኪሪኖሞሪ ዓይኑን ከስልኩ አንስቶ ወደ ወለሉ ጣለ።

ኦያካታው ወደ ስልካቸው ጠጋ ብለው ከኪሪኖሞሪ ኋላ ያሉትን ተራ በተራ ተመለከቱ። ፈገግታቸው ጠፋ። ጣታቸውን ቀስረው አንድ ነገር ተናገሩ። ኪሪኖሞሪ እንደተመታ ሰው ደነገጠ።

"ምን አሉ?" አለው አለልኝ።

"ሽማግሎች ቆመው አንተ እንዴት ትቀመጣለህ፣ ማን እንዲህ አሳደገህ ይላሉ።"

"ንገራቸው" አሉ ጋሽ ቸሩ፣ "እሺ ካላሉን አንቀመጥም።"

ኦያካታው ግን መልስ አልጠበቁም። አንዲት ቃል ጣሉ። አለልኝ ቃሏን አያውቃትም፣ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ወለል ላይ ተንበርከክ ነው ያሉት።

ኪሪኖሞሪ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ጨበጠ። ተነሳ። ቀኝ ጉልበቱን አጠፈ፣ ዝቅ አለ፣ መሬት አስነካ። ግራ እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እንደተዘረጋ ቀረ። ኪሞኖው ተከፍቶ ከጭኑ እስከ ቅልጥሙ የወረደው ስፌት ታየ። እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ በክብደቱ ሁሉ ተጫነው። አንድ ነገር ቀጭ አለ። አለልኝ ሊይዘው ሲዘል ኦቦ ዱጋሳ ከዘራቸውን ደረቱ ላይ አስቀደሙ።

"እንዳትጎትተው! እንዲህ ያለ አወዳደቅ በየቀኑ ነው የማየው። ራሱ ይቁም።"

ላቡ ከሰሙ መዓዛ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። ጉልበቱ አልታጠፈም። ስልኩ የቆመው በደረት ልክ ስለነበር በቶኪዮ በኩል የሚታየው የታሰረው ፀጉሩ ብቻ ነው። ማሚት ማንም ሳያዛት ሄዳ ስልኩን ወደ ታች አዘነበለችው። ኦያካታው አዩ፤ የተዘረጋውን እግር፣ ስፌቱን፣ ጉልበቱን የሚጫነውን እጅ፣ ሁሉንም።

ኪሪኖሞሪ ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ጎነበሰና ያቺን ቃል ተናገራት። "ኢንታይ።" አለልኝ ሰማት።

ኦያካታው ተነሱ። ከስልኩ ውስጥ ጠፉ።

"ዘጉት?" አለች ማሚት በሹክሹክታ።

"አልዘጉም። ግድግዳው አለ" አለ አለልኝ።

ቆዩ። ጋሽ ቸሩ ክብደታቸውን ከእግር ወደ እግር ሲያዛውሩ ማሚት ወንበር ገፋችላቸው። "እሺ ሳይሉኝ?" ብለው በእግራቸው መለሱት። ስልኩ ላይ ከዳር በኩል አንድ ወፍራም አሮጌ እጅ ገባ። የመጀመሪያውን ሰሌዳ ከግድግዳው አወረደው። በቦታው ነጣ ያለ ምልክት ቀረ። ከኪሪኖሞሪ ደረት፣ ከዚያ ሁሉ ሥጋ ውስጥ፣ አለልኝ ከሕፃን ካልሆነ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ወጣ።

ኦያካታው ሲመለሱ ጥቁር የክብር ልብሳቸውን ለብሰዋል። ወለል ላይ ተቀመጡ፣ ሰሌዳውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ለሽማግሎቹ ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ እጅ ነሱ። ቀና አላሉም።

"ኧረ ይነሱ! ኧረ በሕግ!" ጋሽ ቸሩ ተርበተበቱ። "አለልኝ፣ የምንለምነው እኛ ነን እኮ!"

ከዚያ በኋላ ኪሪኖሞሪ እዚያው እንደወደቀ ሁሉንም አስተረጎመ፣ ምንም ሳያስቀር።

"ለእናቱ በሁለት እግሩ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር ይላሉ። አራት ወር ሙሉ በየእሁዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያናግረኝ፣ ለምን ወለል ላይ አልተቀመጠም ብዬ አልጠየቅሁም። እንዳላውቅ ፈልጌ ነው። ቤቴ ባዶ እንዳይሆን ፈርቼ ነው ይላሉ።" ላቡን በኪሞኖው እጅጌ ጠረገ። "በስንብቱ ቀን የታጋይን ፀጉር ብዙ ሰው በየተራ ጥቂት ጥቂት ይቆርጣል፣ ማሰሪያውን የሚበጥሰው ጌታው ነው። መጀመሪያ የሚቆርጡት ቆመው የለመኑለት ይሁኑ። ያሰረችለትም ሴት። የመጨረሻው የእኔ ነው፣ ማክሰኞ ይምጣልኝ ይላሉ። ለትግል አይደለም።"

"እሺ ማለታቸው ነው?" አሉ ጋሽ ቸሩ።

"እሺ" አለ ኪሪኖሞሪ በአማርኛ።

ወንበሩ ላይ መልሰው ሲያስቀምጡት አራት ሰው ፈጀ። ማሚት የሐሙሱን መቀስ ከመሳቢያ አወጣች። ጋሽ ቸሩ ጥቂት ዘለላ ቆርጠው "በእግርህ ግባ" አሉት። ኦቦ ዱጋሳ በኦሮምኛ መረቁት። አለልኝ ተራው ሲደርስ ፀጉሩ በሰም ጠንክሮ እንደ ገመድ ሆነበት፤ ሦስት አራት ዘለላ እንደምንም በጠሰ። ማሚት እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች።

"እኔ አልነካም። ስንት እሁድ በጄ ያሰርኩትን?"

ኦያካታው ከስልኩ ውስጥ ተናገሩ። "ያሰረችው ካልቆረጠች ጎዶሎ ነው ይላሉ" አለ ኪሪኖሞሪ።

አማተበች። ከሁሉም ያነሰውን ቆረጠች፤ ሁለት ዘለላ ቢሆን ነው። ከዚያ እያለቀሰች ማበጠሪያውን አነሳች። የተቆረጡት ጫፎች ቆመዋልና በሰሙ ትለስናቸው ጀመር። "በዚህ መልክማ ኤርፖርት አይገባም" አለች።

ጋሽ ቸሩ ያኔ ተቀመጡ።

*

ሲመለሱ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ዓይን ይወጋ ነበር። ሽማግሎቹን አውርደው ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል።

"ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም" አለ ኪሪኖሞሪ ሮዝቪል መዳረሻ ላይ። "ስሙንም ይወስዱታል። ስሙ የቤቱ ነው።"

አለልኝ ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀይ መብራት ያዛቸው።

"እናትህ ያወጣችልህ ማን ነበር?"

"ታካሺ" አለ፣ ድሮ የሚያውቀውን ሰው እንደሚጠራ።

"ታካሺ፣ በቃ አሁንማ ደገፍ በል።"

ታካሺ አንገቱን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ አዘነበለ። የወንበሩን መደገፊያ ሊነካ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ።

"የጌታዬ መቀስ ቀርቷል" አለ።